ጭሱ ለእናቶች፣ ዶላሩ ለማን?

«ጭስ ይሸጣል» ቢባል ማን ያምናል? የማይሸጥ ነገር የለም የሚባልበት መርካቶ እንኳ የጭስ ተራ የለውም። ዓለም ግን ገበያውን ከከፈተ ሰነባብቷል። እንዲያውም የሚሸጠው የጨሰው ሳይሆን ያልጨሰው ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። በሦስት ጉልቻ ስታበስል ለኖረች የገጠር እናት አንድ ኩባንያ መጥቶ እንጨት ቆጣቢ ምድጃ በነፃ ወይም በርካሽ ይሰጣታል። የምታነደው እንጨት ይቀንሳል። ኩባንያውም «በዚህ ምክንያት ይህን ያህል ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሰማይ ሳይወጣ ቀረ» ብሎ ያሰላል፤ ያስመዘግባል፤ ለባለጸጋ አገር ድርጅቶች ይሸጣል። አንዱ ቶን አንድ «ካርቦን ክሬዲት» ይባላል። ገዢው ደግሞ ፋብሪካውን ወይም አውሮፕላኑን እንደ ልቡ እያስጨሰ «የለቀቅሁትን በአፍሪካ አካክሻለሁ» ይላል።

እኛ ሐሳቡን አንቃወምም። ይህ ከወዲሁ ይታወቅልን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ የ3.2 ሚሊዮን ሰዎችን ሕይወት እንደቀጠፈ ገምቷል። ዐይኗ በጭስ የቀላ፣ ጀርባዋ በእንጨት ሸክም የጎበጠ እናት የሌላት ቀበሌ የለችም። መፍትሔውም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ተአምር አይደለም። በሲሚንቶ የሚሠራው የራሳችን «ምርጥ ምድጃ» ከተፈለሰፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እንጀራ በጉልቻ ከመጋገር ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። የጎደለው ለየቤቱ ማዳረሻ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ከጭስ ሽያጭ ቢመጣ እሰየው!

ታዲያ ቅሬታችን ምንድን ነው? ሁለት ነው፤ አንዱ የሒሳቡ፣ ሌላው የባለቤትነቱ።

ሒሳቡን እንይ። ምድጃ የተሰጣት ሁሉ ዘወትር ትጠቀምበታለች? ጉልቻውንስ ጨርሳ ጥላዋለች? የምትለቅመው እንጨትስ ሁሉም ተመልሶ የማይበቅል ነው? ሻጩ ለሦስቱም «አዎን» ባለ ቁጥር ክሬዲቱ ይበዛለታል። በተባበሩት መንግሥታት የቀድሞ ስሌት በኢትዮጵያ ከሚነደው እንጨት 88 በመቶው የማይተካ ነው ተብሎ ይወሰድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት ግን በዓለም ደረጃ ድርሻው ከ27 እስከ 34 በመቶ ብቻ እንደሆነ ገመተ። ምሥራቅ አፍሪካ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው ቢባልም ልዩነቱ ዐይን ያወጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ደግሞ በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመረመሯቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች ከእውነተኛው ቅነሳ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ክሬዲት ማውጣታቸውን አሰሉ። አንድ ኩንታል ጤፍ ይዞ ዘጠኝ ኩንታል ሸጥኩ የሚል ነጋዴ እኛ ሰፈር ምን ይባላል? በዚያው ዓመት በምድጃ ንግድ ስመ ጥር የነበረው ሲ-ኩዌስት ካፒታል የተሰኘ የአሜሪካ ኩባንያ በቀድሞ አመራሩ ጊዜ ከሚገባው በላይ ክሬዲት መውጣቱን ራሱ አሳወቀ። የኒውዮርክ ዐቃብያነ ሕግም በቀድሞ ኃላፊዎች ላይ የማጭበርበር ክስ መሠረቱ፤ አንደኛውም ጥፋቱን አመነ።

ሁሉም ሌባ ነው አላልንም። ነገር ግን ሒሳቡ ሲዋሽ የሚጎዳው ማን እንደሆነ እንወቅ። ገዢው ፊቱን ወደ ሌላ ገበያ ያዞራል። የክሬዲቱ ዋጋ ሲወድቅ ፕሮጀክቱ ይዘጋል። የተሰነጠቀውን ምድጃ የሚጠግን ይጠፋና እናቲቱ ወደ ጉልቻዋ ትመለሳለች። በእሷ ስም የተዋሸውን ውሸት ዕዳ የምትከፍለውም እሷው ናት።

ወደ ባለቤትነቱ እንምጣ። በብዙዎቹ ፕሮጀክቶች ምድጃውን የምትረከበው እናት የካርቦን መብቷን ለኩባንያው የምታስተላልፍበት ወረቀት ላይ ትፈርማለች፤ ፊደል ካልቆጠረች አሻራዋን ታኖራለች። ኧረ ለመሆኑ ምን እንደሸጠች ማን ነግሯታል? ቶኑ በስንት ዶላር እንደተሸጠ ማን አሳይቷታል? ዶሮ ስትሸጥ ሁለት ገበያ ዞራ ዋጋ የምትጠይቅ ሴት ሰማይ የሚያህል መብቷን ሳትጠይቅ የሰጠችው ሞኝ ሆና ሳይሆን ንብረት መሆኑን የነገራት ስለሌለ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት እንዲህ ነው። ልዩነቱ ይህችን ላም የሚያልባት ሌላ ሰው መኖሩ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ደግሞ አገራችን አይታለች። በወላይታ ሁምቦ ወደ 2,700 ሄክታር የሚጠጋ የተራቆተ ተራራ መልሶ ደን ሲለብስ የመጠቀም መብቱ የሰባት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበር። ስለዚህም የዓለም ባንክ ፈንድ ካርቦኑን ሲገዛ ክፍያው ለማኅበራቱ ደረሰ። ለደን የተቻለው ለምድጃ ለምን አይቻልም?

ጉዳዩ የአገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ጋና ከገጠር ምድጃዎቿ የተገኘ 11,733 ቶን ለስዊዘርላንድ አስተላልፋለች። በፓሪሱ ስምምነት መሠረት የተላለፈውን ቶን ጋና ለራሷ አትቆጥረውም፤ ስዊዘርላንድ ትቆጥረዋለች። ርካሹንና ቀላሉን ቅነሳ ዛሬ በጥቂት ዶላር የሸጠ አገር ነገ የራሱን ቃል ለማክበር ውዱና ከባዱ ይቀረዋል። ይህን ሳያሰላ የሚፈርም ባለሥልጣን የልጆቻችንን ድርሻ እየፈረመ መሆኑን ይወቅ።

እንግዲህ ጥያቄያችን አጭር ነው። አንደኛ፣ መንግሥት በምድጃ ካርቦን ስም የሚሰጠውን እያንዳንዱን ፈቃድ፣ የተሸጠውን ቶንና ዋጋውን በአደባባይ ያውጣ። ሁለተኛ፣ ውሉ በእናቲቱ ቋንቋ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማትችለው ይነበብላት፤ ድርሻዋም በቁጥር ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ቆጣሪው ከሻጩ ኪስ የሚከፈለው አይሁን። ሻጭ የቀጠረው መዛኝ ሚዛኑን ወዴት እንደሚያጋድል ሕፃንም ያውቃል።

ጳጉሜን 2017 ላይ የአፍሪካ መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ስለ አየር ንብረት ገንዘብ ብዙ ተናግረዋል። ሰምተናል። ያን ገንዘብ ከጓዳዋ የምታመነጨው እናት ግን በአዳራሹ ወንበር አልነበራትም። ድርሻዋን ዛሬ በወረቀት ካላሰፈርንላት ነገ ከውጭ ፍርድ ቤት የክስ መዝገብ ላይ ስሟን እንፈልጋለን። ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን!