ከፈተና አዳራሽ የማይወጣ ድጋፍ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ የሚደረገው ድጋፍ በአብዛኛው ከክፍልና ከፈተና አያልፍም። መጽሐፉ በብሬል ይገለበጥለታል ወይም በድምፅ ይቀረጽለታል፤ ፈተና የሚያነብለትና መልሱን የሚጽፍለት ሰው ይፈለግለታል፤ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠዋል። ከዶርም ወደ ካፌ መሄዱ፣ ልብስ ማጠቡ፣ ገንዘብ መያዙ፣ ክሊኒክ ገብቶ ሕመሙን መናገሩ ግን ለጓደኛ ደግነት የተተወ ነው። አሠራሩ መተጋገዝ ተብሎ ይሞገሳል። ውጤቱ ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በጥሩ ነጥብ ተመርቆ ከመናኸሪያ እስከ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ብቻውን ለመሄድ የሚቸገር ሰው ነው። ጥፋቱ ደግሞ የምሩቁ አይደለም፤ ይህን ያስተማረው የለም።

ልማዱ ከሕጉም ድጋፍ አግኝቷል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 ተቋማት ሕንፃቸውንና ግቢያቸውን ለአካል ጉዳተኞች እንዲያመቹ፣ የማጠናከሪያ ትምህርትና ተጨማሪ የፈተና ጊዜ እንዲሰጡ ይዘረዝር ነበር፤ ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ ክህሎት ግን የሚለው ነገር አልነበረውም። አዋጁ በቁጥር 1152/2011 ተተክቷል፤ ልማዱ ግን አብሮ አልተሻረም። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ብሬልን መማርንና አካባቢን ለይቶ የመንቀሳቀስ ክህሎትን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። በአንቀጽ 19 ደግሞ ሰው የትና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ መብቱን ይደነግጋል። ዩኒቨርሲቲዎች ከስምምነቱ ብሬሉን ወሰዱ፤ እንቅስቃሴውንና ምርጫውን ተዉት። ዓይነ ስውራንን ሳይጠይቁ «ለአያያዝ እንዲመች» በአንድ ዶርም ማሰባሰብ የዚሁ አስተሳሰብ ፍሬ ነው። ለማን አያያዝ እንደሚመች ግልጽ ነው፤ ለፕሮክተሩ።

እንቅስቃሴን እንደ አብነት መውሰድ ይቻላል። አዲስ ገቢ ዓይነ ስውር ተማሪ ግቢ በገባ ማግስት አንድ ደግ ጓደኛ ክንዱን ጨብጦ ወደ ክፍል ይወስደዋል፤ በሁለተኛውም ቀን፣ በወሩም እንዲሁ። ጓደኛው ሲታመም ወይም ሴክሽን ሲቀይር ተማሪው ከክፍልም ከምሳም ይቀራል። ያን ሁሉ ጊዜ በመንገዱ አልፏል እንጂ መንገዱን አላወቀውም። አመራሩ ራሱ የተገለበጠ ነው፤ በትክክለኛው መንገድ የሚመራው ሰው የመሪውን ክንድ ከክርኑ ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተላል፣ ሲፈልግም ይለቃል። በግቢዎቻችን የሚታየው ግን መሪው ጨብጦ ከፊት ሲጎትት ወይም ከኋላ ሲገፋ ነው።

በነጭ በትር መሄድም የሚማሩት ሙያ ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ሁቨር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች በቫሊ ፎርጅ ሆስፒታል የቀመረው ዘዴ ዛሬም መሠረት ሆኖ ያገለግላል። በትሩ እስከ ደረት አጥንት የሚደርስ ረጅም ነው፤ ከትከሻ ስፋት ጥቂት ሰፋ አድርጎ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ግራ እግር ሲራመድ ጫፉ በቀኝ በኩል መሬት ይነካል፣ ቀኝ እግር ሲራመድ በግራ፤ በዚህም እግር የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ አስቀድሞ ይዳሰሳል። ክዳን የሌለውን የፍሳሽ ቦይ በትሩ ያገኘዋል። በግንባር ልክ የተንጠለጠለውን የዛፍ ቅርንጫፍና የተከፈተውን የብረት መስኮት ግን አያገኘውም፤ ለዚያ ክንድን አጥፎ ፊትን መከለል ይለመዳል። ይህ ሁሉ በሳምንታት ልምምድ የሚያዝ ነገር ነው። በትር አድሎ ፎቶ መነሳት ግን ከሰዓት በፊት ያልቃል፤ የሚመረጠውም እርሱ ነው።

ቀድሞ ከሰበታ ወይም ከሻሸመኔ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤቶች የሚመጣ ተማሪ ይህን ክፍተት በከፊል የሚሞላበት ዕድል ነበረው። በአዳሪ ኑሮ ታላቁ ለታናሹ ሻይ ሲቀዳ የብርጭቆውን መሙላት ከድምፁና ከክብደቱ እንዴት እንደሚያውቅ፣ ካልሲን በመርፌ ቁልፍ አጣምሮ እንዴት እንደሚያጥብ ያሳየዋል። አዳሪ ትምህርት ቤት ከቤተሰብ የሚነጥል የራሱ ጣጣ ስላለው መልሱ ወደዚያ መመለስ አይደለም። በመደበኛ ትምህርት ቤት ብቸኛው ዓይነ ስውር ሆኖ ያደገ ተማሪ ግን ይህን የሚቀስምበት ሰው አላገኘም፤ ቤተሰቡም እንዳይወድቅብን ብሎ እሳት ሳያስነካ አሳድጎታል። እንዲህ ላለው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻው የመማሪያ ዕድል ነው ማለት ይቻላል።

የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ ጉዳይ የተለየ ነው። የእርሱ ችግር በአብዛኛው የክህሎት ሳይሆን የሲሚንቶ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዝዟል፤ ሊፍት የሌለው ባለ አራት ፎቅ የመማሪያ ሕንፃ ግን ዛሬም ብርቅ አይደለም። መፍትሔው ሁለት ወጠምሾች ወንበሩን አንሥተው ደረጃ ማውጣት ይሆናል። ሲያዩት ልብ የሚነካ ነው። የሚሸከሙት እስኪመጡ ሽንቱን ይዞ የሚቀመጠው፣ እንዳያስቸግራቸው ብሎ ጠዋት ውኃ የማይጠጣው ተማሪ ግን አይታይም። እንዲህ ላለው ተማሪ ስለ ራስን መቻል ሥልጠና መስጠት ስድብ ነው፤ በቅድሚያ መወጣጫው ይሠራ።

መስማት የተሳናት ተማሪ ክሊኒክ ስትገባ የሚያስተረጉምላት የዶርም ጓደኛዋ ናት። ስለ ወር አበባዋም ሆነ ስለ እርግዝና ጥርጣሬዋ የምትናገረው ነገ ስለ እርሷ ለሌላ ልታወራ በምትችል ልጅ አፍ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስለዚህ ባለሙያ የለም የሚለው ሰበብ ብዙ አያስኬድም። ከአንድ ሐኪም ፊት በምን ሁኔታ እንደምትቀርብና ማን እንደሚያስተረጉምላት መወሰንም የተማሪዋ ክህሎት ነው፤ አማራጭ ሳይኖር ግን ምርጫ አይለመድም።

በገንዘብም ያው ነው። የዓይነ ስውሩ ተማሪ የባንክ ካርድ የሚስጥር ቁጥር ከሁለትና ከሦስት ሰው ጋር ነው፤ የቴሌብር ፒኑም እንዲሁ። ገንዘብ ሲጎድል ተጠርጣሪው ያው ባለውለታ ጓደኛ ስለሚሆን ተማሪው ዝም ይላል። ስልኩ ላይ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብ ስክሪን ሪደር ማስከፈትና በጆሮ ማዳመጫ ራሱ ሒሳቡን እንዲያንቀሳቅስ ማለማመድ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

የልማዱ ጠበቆች ሁለት መከራከሪያ አላቸው። አንደኛው የድህነት ነው፤ በጀት የለም ይባላል። ሁለተኛውና ጠንካራው የባህል ነው፤ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፣ ብቻ መኖር የፈረንጅ ነው ይባላል። ማንም ሰው ያለ ሰው አይኖርም የሚለው እውነት ነው። ነገር ግን የአካል ጉዳተኞች የነፃ ኑሮ ንቅናቄ የተነሣበት ታሪክ ስለ ብቸኝነት አይደለም። የንቅናቄው ፈር ቀዳጅ ኤድ ሮበርትስ በ14 ዓመቱ በፖሊዮ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ያቆመ፣ ሌሊት በመተንፈሻ መሣሪያ የሚያድር ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 በርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ዶርሞቹ ስላልተመቹለት ያደረው በግቢው ሆስፒታል ውስጥ ነው። እርሱና ጓደኞቹ የጠየቁት ረዳታችን ይቅር ብለው አልነበረም፤ ረዳታችንን እኛ እንምረጠው፣ እኛ እንዘዘው፣ ካልሆነልን እኛ እናሰናብተው አሉ። በ1970 በተማሪዎቹ የሚመራ የድጋፍ ፕሮግራም በግቢው ተከፈተ፤ በ1972 የነፃ ኑሮ ማዕከሉ በከተማው ተመሠረተ። ሮበርትስን ለሥራ አይበቃም ብሎ የነበረውን የካሊፎርኒያ የተሃድሶ መሥሪያ ቤት ኋላ የመራው ራሱ ሮበርትስ ነው። ልብስ የሚያለብሰው ሰው እስከ መጨረሻው ነበረው። በግቢዎቻችን የጎደለው የሰው እጅ አይደለም፤ እጁን የሚያዘው ተማሪው አለመሆኑ ነው።

የበጀቱ መከራከሪያ ደግሞ በየዓመቱ በሚከበረው የአካል ጉዳተኞች ቀን ራሱን ያፈርሳል። ለባነር፣ ለቲሸርት፣ ለሻይ ቡናና ለአዳራሽ ንግግር ገንዘብ ይገኛል። በመድረኩ ላይ የዓይነ ስውሯ የሕግ ባለሙያና እ.ኤ.አ. የ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ተሸላሚ የየትነበርሽ ንጉሤ ስም እየተጠራ የፈለገ ሁሉ ይችላል ቢባል አያስገርምም። የአንድ ሰው ብርታት ግን የተቋም ምስክር ወረቀት አይሆንም። ከንፈር መምጠጥም ማጨብጨብም ከማስተማር ይቀልላል።

የሚያስፈልገው ውስብስብ አይደለም። አካል ጉዳተኛ አዲስ ገቢዎች ከሌሎቹ ሁለት ሳምንት ቀድመው ይግቡ፤ ግቢውን ከዶርም እስከ ሬጅስትራር፣ ከካፌ እስከ ዋናው በር በእግራቸውና በበትራቸው ይወቁት። አሠልጣኞቹ በተቻለ መጠን ነባር አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ይሁኑ፤ በምስጋና ብቻ ሳይሆን በክፍያ። የረዳት ወጪ ካለ ገንዘቡ በተማሪው እጅ ይግባ፣ ረዳቱንም እርሱ ይቅጠር። ከዶርም ምደባ በፊት ከማን ጋር መኖር እንደሚፈልግ ይጠየቅ። ይህን ማድረግ ያቃተው ዩኒቨርሲቲ አካል ጉዳተኛ ተማሪ ተቀብያለሁ ብሎ በሪፖርቱ ላይ ባይጽፍ ይሻለዋል።