ቤተሰብ ይዞ ወደ ዓረብ አገር፦ የኢቃማው ስሌትና የልጆቹ ዕድሜ

በመስጂድ ግቢም፣ በዋትስአፕ ግሩፑም፣ ለዘመድ ጥየቃ በተሄደበት ቤትም አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፦ «ባለቤቴንና ልጆቼን ላምጣቸው ወይስ እዚያው ይቆዩ?» ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ጂዳ፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ሆኖ ስምንት አሥር ዓመት ለብቻው የኖረ አባት ነው። የልጁን የመጀመሪያ እርምጃ ያየው በስልክ ነው። ዒድ ሲመጣ ብር ይልካል፣ ልብስ ይልካል፤ ቤቱ ግን እሱ ሳይኖርበት አርጅቷል።

ጥያቄውን የሚያከብደው ሁለት ነገር አለ። አንዱ የቤተሰብ ናፍቆት ነው፤ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ሌላው ዲን ነው። አዛን በየሰፈሩ በሚሰማበት፣ ረመዳን የመላው ከተማ በሆነበት፣ ሐረም ደግሞ በመኪና በሚደረስበት አገር ልጅ ማሳደግ ለብዙ ሙስሊም ወላጅ ከደመወዝ የሚበልጥ ነገር ነው። ይህን ምኞት ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። ችግሩ ያለው ምኞቱ ላይ ሳይሆን፣ ብዙዎች ውሳኔውን በምኞቱ ብቻ ጀምረው የኢቃማውን ሕግ በኋላ ማንበባቸው ላይ ነው።

ከኢትዮጵያ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለው ፍልሰት ከሥሩ የነጠላ ሰው ፍልሰት ነው። የቤት ሠራተኛዋ፣ ሹፌሩ፣ እረኛው፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉም ለብቻ ነው የሚሄደው። የእኛ አገር የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ም የሚናገረው ስለ ሠራተኛው፣ ስለ ኤጀንሲውና ስለ ቀጣሪው ነው። በተቀባዮቹ አገሮች በኩልም የውጭ ሰው ለሥራ ይመጣል፣ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል የሚለው መርሕ የሕጉ መሠረት ነው። ቤተሰብ በዚህ ስሌት ውስጥ እንደ ተጨማሪ ሆኖ ነው የሚገባው። ሳዑዲዎቹ «ሙራፊቅ» ይሉታል፤ አብሮ የሚሄድ ማለት ነው። የሚስትም የልጆችም የመኖሪያ ፈቃድ በአባት ኢቃማ ላይ ይንጠለጠላል፤ የአባት ኢቃማ ደግሞ በሥራው ላይ። አባት ሥራ ቢያጣ አምስት ሰው አብሮት ይናወጣል።

ብዙ ወገኖቻችን ያሉባትን ሳዑዲ ዓረቢያን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 የሙራፊቅ ክፍያ ተጀመረ። መነሻው በወር ለአንድ ሰው 100 ሪያል ነበር፤ በየዓመቱ 100 እየተጨመረ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 400 ደረሰ። ክፍያው ሚስትን፣ ልጆችን፣ አራስ ሕፃንን አይለይም። ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት አባት በወር 1,600፣ በዓመት 19,200 ሪያል ይከፍላል ማለት ነው። የሚከፈለውም ቀድሞ፣ ኢቃማው ሲታደስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ማብቂያ ጀምሮ ኢቃማን በሦስት ወር መክፈል መቻሉ ትንሽ አስተንፍሷል፤ ድምሩ ግን ያው ነው። በዚያው በሐምሌ 2020 ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ5 በመቶ ወደ 15 በመቶ ሲወጣ የቤት አስቤዛውም አብሮ ወጣ። ክረምት ላይ አገር ቤት ለመጠየቅ መውጣት ካለ ደግሞ ለሁለት ወር የመውጫና መመለሻ ቪዛ በሰው 200 ሪያል ነው። ለአምስት ሰው 1,000፤ ትኬት ሳይቆረጥ ገና።

ይህ ክፍያ በመጣበት ወቅት ከየአገሩ የመጡ ብዙ አባቶች ሚስትና ልጆቻቸውን በኹሩጅ ኒሃኢ ሸኝተው እንደገና የወንዶች መኖሪያ ክፍል ተከራይተው ገብተዋል። ለዓመታት አብሮ የኖረ ቤተሰብ በአንድ የበጀት ውሳኔ ተለያየ። ዛሬ «ላምጣቸው ወይ?» የሚል ወንድም ይህን ታሪክ ሊያውቀው ይገባል፤ ሕጉ በእሱ እጅ አይደለምና።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ብዙ ሰው የሚስተው ቦታ እዚህ ነውና። ለቀጣሪው የተጣለ ሌላ ክፍያ አለ፤ በእያንዳንዱ የውጭ ሠራተኛ በወር 700 ወይም 800 ሪያል፣ እንደ ድርጅቱ የሳዑዲና የውጭ ሠራተኛ ብዛት። ይህ በሕግ የቀጣሪው ዕዳ ነው። ሆኖም «ፍሪ ቪዛ» በሚባለው፣ ሰው ለከፊል ከፍሎ በስሙ እየተመዘገበ ሌላ ቦታ በሚሠራበት ኑሮ ውስጥ ሁሉንም የሚከፍለው ሠራተኛው ራሱ ነው። በዚህ ላይ ከከፊል ውጭ ሌላ ቦታ መሥራት ጥፋት ነው፤ ቅጣቱ እስከ መባረር ይደርሳል። ከዚህ ሸክም ለመሸሽ ብዙዎች በቤት ሹፌርነት፣ በ«ሳኢቅ ኻስ» ኢቃማ ይኖራሉ። የዓመት ኢቃማው 600 ሪያል ነው፣ የድርጅት ሠራተኛ ወርኃዊ ክፍያም የለበትም። ግን በቤት ሠራተኛ ክፍል ያለ ሰው ቤተሰብ ማስመጣት አይችልም። በአጭሩ ርካሹ ኢቃማ ቤተሰብ አያስገባም፤ ቤተሰብ የሚያስገባው ኢቃማ ርካሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የወጣው ማሻሻያ ሠራተኛ ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ ከፊሉ ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር፣ ወጥቶም እንዲመለስ ሲፈቅድ የቤት ሹፌሩን፣ ዘበኛውን፣ እረኛውን፣ አትክልተኛውንና የቤት ሠራተኛዋን አላካተተም። የእኛ ሰው የሚበዛው ደግሞ እነዚህ ሥራዎች ላይ ነው።

በሩ ሲጠብ ሰው መስኮት ይፈልጋል። መስኮቱ ዚያራ ነው። ሚስቱን በቤተሰብ ጉብኝት ቪዛ አምጥቶ፣ እየታደሰ እየወጡ እየገቡ ዓመት ሁለት ዓመት የቆዩ አሉ። ልጅም እዚያው ይወለዳል። ዚያራ ግን የመኖሪያ መብት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2025 ጀምሮ ሳዑዲ ለ14 አገሮች ዜጎች፣ ኢትዮጵያም አለችበት፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን የጉብኝት ቪዛ አቁማ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ለ30 ቀን ብቻ እንዲሆን ስታደርግ፣ በዚህ መስኮት ላይ ኑሮ ያቀደ ሁሉ ዕቅዱ በአንድ ሌሊት ፈረሰ። ከዚህ የባሰው በዑምራ ገብቶ መቅረት ነው። በዒባዳ ስም የገባ ሰው ቃሉን አፍርሶ የሚቀርበት ጉዳይ በዲንም የሚጠየቁበት መሆኑን ዑለሞቻችን ደጋግመው ተናግረዋል፤ እኔ የምጨምረው የልጁን ዕዳ ነው። ወረቀት የሌላቸው ባልና ሚስት የወለዱት ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ለማግኘት ይቸገራል፤ ያለ እሱ ትምህርት ቤትም ክትባትም ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 በተጀመረው ዘመቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ፣ ቦሌ ላይ ከወረዱት መካከል ሕፃናት የያዙ እናቶች ነበሩ።

ሌሎቹን አገሮች በአጭሩ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በሰው የሚቆጠር ወርኃዊ ክፍያ የላትም፤ ደመወዙ 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ከመኖሪያ ቤት ጋር የሆነ ሠራተኛ ቤተሰቡን ማስመጣት ይችላል። ወንድ ልጅም እስከ 25 ዓመቱ በአባቱ ስም ይቆያል። ግን ያ 4,000 የመግቢያ ወለል ነው እንጂ የኑሮ ወለል አይደለም። የቤት ኪራይ በቼክ ለወራት ቀድሞ ይጠየቃል፣ የጤና መድን አለ፣ የውጭ ዜጋ ልጅም በአብዛኛው የሚማረው በክፍያ ትምህርት ቤት ነው። በ4,000 ድርሃም ቤተሰብ አስመጥቶ ሦስት ልጅ ማስተማር በወረቀት ላይ እንጂ በዱባይ አይሆንም። ኩዌት ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የቤተሰብ ቪዛን እንደገና ስትከፍት ያስቀመጠችው የደመወዝ ወለል 800 ዲናር ነበር፤ ይህ ለአብዛኛው ወገናችን በሩ ተዘግቷል ማለት ነው። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረችው «ኢቃማ ሙመየዛ» ከሙራፊቅ ክፍያ ነፃ ያወጣል፤ ለዘለቄታው የሚሆነው 800,000 ሪያል ነው። ሐኪም፣ ተመራማሪ ወይም ባለሀብት የሆነ ሰው በኋላ የወጡትን ባለ 4,000 ሪያል ዓይነቶች ይመልከት።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የልጆቹ ዕድሜ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ይዞ መሄድና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይዞ መሄድ ሁለት የተለያዩ ጉዞዎች ናቸው። የአራት ዓመቱ ዓረብኛውን ከሰፈር ልጆች ይለቅመዋል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቦታ ካገኘ ቁርኣኑንም በልሳኑ ያነባል። ኢንሻአላህ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። የአሥራ አራት ዓመቱ ግን ሒሳብና ፊዚክስን በማያውቀው ቋንቋ መጀመር አለበት። ጂዳና ሪያድ ያሉት የኢትዮጵያ ኮሚኒቲ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ባለውለታ ናቸው፤ ነገር ግን በሌላ ከተማ ለሚኖር ቤተሰብ አይደርሱም።

ቀጥሎ የሚመጣውን ደግሞ ማንም በጊዜው አያስበውም። ሳዑዲ ተወልዶ ያደገ የኢትዮጵያዊ ልጅ በመወለዱ ዜግነት አያገኝም። በእኛ የዜግነት ሕግ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ የትም ቢወለድ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ፓስፖርቱንም ከሪያዱ ኤምባሲ ወይም ከጂዳው ቆንስላ ያወጣል። ይህ ልጅ 21 ዓመት ሲሞላው በአባቱ ስም ለመቆየት ተማሪ መሆኑን ማስረጃ ይጠየቃል። 25 ሲሞላው ከአባቱ ወጥቶ በሥራ ኢቃማ በቀጣሪ ስም መግባት አለበት። ለውጭ ዜጋ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያለው ቦታ ውስን ነው፣ የግሉ ውድ ነው፣ ለሳዑዲዎች ብቻ የተከለሉ የሥራ ዘርፎችም በየዓመቱ ይበዛሉ። ስለዚህ ዓረብኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ አማርኛን ሰምቶ የሚረዳ ግን ፊደል የማይቆጥር ወጣት አንድ ቀን በማያውቀው «አገሩ» ይወርዳል። እንዲህ ዓይነት ልጆችን በአዲስ አበባ፣ በደሴ፣ በጅማ ያየ ሰው የምለውን ያውቃል። ቁርኣን በቃሉ ይዞ የቀበሌ ቅጽ መሙላት ያቃተው ልጅ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

እዚህ ላይ የራሳችን ታሪክ ትዝ ይለኛል። ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሶሓቦች መካከል ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ከባለቤታቸው ከአስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ጋር ነበር የመጡት። ልጃቸው ዐብደላህ የተወለደው እዚሁ ሐበሻ ነው። ከዓመታት በኋላ፣ በኸይበር ዘመቻ ዓመት፣ ቤተሰባቸውን ይዘው መዲና ሲገቡ የሚቀበላቸው ወገን ነበር። የዛሬው አባት ለልጁ መመለሻ ማን እንደሚቀበለው አስቦ ይሆን?

ስለ ሚስትም ጥቂት። አገር ቤት ሱቅ ያላት፣ አስተማሪ የነበረች፣ እናቷ አጠገቧ ያለች ሴት በሙራፊቅ ኢቃማ ስትሄድ በዚያ ኢቃማ መሥራት አይፈቀድላትም፤ የሥራ ፈቃድ ሌላ ሂደት ነው። ባል አሥራ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ሲመለስ እሷ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር ትውላለች። ውሳኔው ላይ ሹራ የሚባለው ነገር ከእሷ ካልጀመረ ከማን ይጀምራል? ደግሞም ኒካሑ በሽማግሌና በዱዓ ብቻ የታሰረ፣ ያልተመዘገበ ከሆነ ቪዛው እዚያው ይቆማል። በሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይም በወሳኝ ኩነት ምዝገባ የወጣ የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና የኤምባሲው ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የስም ፊደል ልዩነት ብቻ ወራት ያስበላል፤ «ሙሐመድ» በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በልደት ወረቀቱ ሌላ ዓይነት ተጽፎ የተመለሰ ስንቱ ነው።

የብሩ ጉዳይም ሚዛኑን ቀይሮታል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 29 ቀን 2024 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ አንድ ሪያል 15 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ እጥፍ አለፈ። ያ 1,600 ሪያል የሙራፊቅ ክፍያ ቀድሞ 24,000 ብር ገደማ ነበር፣ በኋላ ከ50,000 ብር በላይ ሆነ። አገር ቤት ኑሮውም እየናረ ነው፤ ቢሆንም በዚህ ገንዘብ ቤተሰብ ቤት ይከራያል፣ ልጅ ጥሩ ትምህርት ቤትና መድረሳ ይገባል። ሳዑዲ ላይ ግን የሚገዛው የመኖር ፈቃድን ብቻ ነው፤ ኪራዩና ምግቡ ገና ይቀራል።

ስለዚህ የእኔ ግምት እንዲህ ነው። ሙያው በኢቃማው ላይ በትክክል የተጻፈ፣ በእውነተኛ ቀጣሪ ሥር ያለ፣ ልጆቹ ከአሥር ዓመት በታች የሆኑ አባት የአንድ ዓመቱን የቤተሰብ ክፍያ ቀድሞ በእጁ ካስቀመጠ ይሂድበት፤ አብሮ መኖር ዋጋ አለው፣ የዋጋው ክፍልም ሪያል ነው። ልጆቹንም አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም የቤቱን ቋንቋ ከነጽሕፈቱ ያስተምር። በፍሪ ቪዛ ያለ ወንድም ግን ቤተሰቡን ከማምጣቱ በፊት ወረቀቱን ያስተካክል። ትልቁ ልጅ ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል የደረሰበት ቤት ውስጥ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ልጁ ከአያቱ ጋር ሆኖ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን ይጨርስ ወይስ አባት ራሱ የሚመለስበትን ዓመት ይቁረጥ? ይህን ዛሬ፣ ልጁ ባለበት፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ መነጋገር ይቻላል።