ሕግ ምን ይላል? ጎጆ ሲፈርስ ንብረቱ የማን ነው?

ባለፈው ሳምንት ጋብቻ እንዴት እንደሚመሠረት አይተናል። ዛሬ ስለ ፍቺ እንነጋገራለን። ፍቺን የሚመኝ የለም። ግን በደግ ቀን ያላወቁት ሕግ በክፉ ቀን ቶሎ አይገኝም።

አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «ባለቤቴ ‹ቤቱም በሬውም በስሜ ነው፤ ውጪልኝ› ይለኛል። 12 ዓመት አብረን ለፍተናል። ታዲያ የለበስኩትን ልብስ ብቻ ይዤ ልውጣ እንዴ?»

የለም እናታችን፣ ባዶ እጅዎን አይወጡም። ምክንያቱን እንንገርዎ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ አድርጎት ነበር። ይህ ቀርቷል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ባልና ሚስት በጋብቻ ጊዜም በፍቺ ጊዜም እኩል መብት አላቸው ይላል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ተሻሻለ። ብዙ ክልሎችም የራሳቸውን ሕግ አወጡ። የአማራ ክልል ሕግ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በታች የምንነግራችሁ የፌዴራሉን ሕግ ይዘን ነው። የክልሎች ሕግ በዝርዝሩ ሊለይ ስለሚችል የወረዳችሁን ፍርድ ቤት ጠይቁ።

የግል የቱ ነው? የጋራስ?

ሲጋቡ እያንዳንዳቸው የነበራቸው ንብረት የግል ነው። ከተጋቡ በኋላ አንዳቸው በውርስ ወይም በስጦታ ያገኙትም የግል ነው።

በትዳር ውስጥ በጉልበት የተገኘው ግን የጋራ ነው። እሱ ሲያርስ እሷ ታርማለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ልጅ ታሳድጋለች። ሁሉም ሥራ ነው። ንብረቱ በአንዱ ስም ቢጻፍም «የግሌ ነው» ባዩ ካላስረዳ በቀር የሁለቱ ነው።

በቁጥር እንየው

ሲጋቡ ባል 1 በሬ፣ ሚስት 1 ላም ነበራቸው እንበል። በትዳር ውስጥ 1 በሬና 8 በጎች ገዙ። የቆርቆሮ ቤትም ሠሩ። እህል ሸጠው 10,000 ብር አላቸው። የማዳበሪያ ዕዳ 4,000 ብር አለባቸው።

የድሮው በሬ የባል ነው። ላሟ የሚስት ናት። ከ10,000 ብር ላይ በመጀመሪያ 4,000 ብር ዕዳ ይከፈላል። የቀረው 6,000 ብር ለሁለት ሲካፈል 3,000፣ 3,000 ይደርሳቸዋል። በጎቹ 4፣ 4 ይሆናሉ። በሬና ቤት ግን ለሁለት አይቆረጥም። አንዱ ወስዶ ለሌላው የድርሻውን ግማሽ ዋጋ በገንዘብ ይከፍላል። ካልተስማሙ ተሸጦ ገንዘቡ ይካፈላል።

ለቤት ጥቅም ሳይሆን አንዱ ለራሱ ጉዳይ የተበደረው ዕዳ የራሱ ነው። አንዱ ወገን ንብረት እንዳያሸሽም ፍርድ ቤቱን እግድ መጠየቅ ይቻላል።

መሬትስ?

መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ባልና ሚስት ያላቸው የመጠቀም መብት ነው። የገጠር መሬት አዋጅ የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ያዛል። እስቲ ዛሬ ማታ የመሬት ደብተራችሁን ከሣጥን አውጡና አንብቡ። ስማችሁ አለበት? አሁን እኮ ሰው አያነብላችሁም፤ ራሳችሁ ታነባላችሁ። ስማችሁ ከሌለበት ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ።

ቀለብ

ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ፍርድ ቤቱ ለተቸገረው ወገንና ለልጆች መተዳደሪያ እንዲሰጥ ማዘዝ ይችላል። ባልና ሚስት ከተፋቱ በኋላ የልጅ ቀለብ አይቋረጥም። አባትም እናትም እንደ አቅማቸው ይችላሉ። ቀለብ ማለት እንጀራ ብቻ አይደለም። ልብስ፣ መጠለያ፣ ሕክምናና ትምህርትም አለበት። ዘግይቶ የተጠየቀ ቀለብ ሊቀር ስለሚችል ቶሎ ጠይቁ።

ሽማግሌና ፍርድ ቤት

ሽማግሌ ያስታርቃል፤ ደግ ነገር ነው። ፍቺን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። በዛፍ ጥላ ሥር «ይህን ወስደሽ ሂጂ» ቢባል ነገሩ አላለቀም። ሽማግሌ ፊት የተስማማችሁበትንም አስጽፉ። ሳታነቡ አትፈርሙ። አውራ ጣት ማተም ድሮ ቀረ! በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።

ባሎችም ይህን አንብቡ። ሕጉ ለሚስት ብቻ የቆመ አይደለም። ለእናንተም፣ ለልጆቻችሁም ነው። ድርሻ በሕግ ሲለይ ጠብ ይቀንሳል፤ ልጅም አይራብም።

ተወያዩ
1. ከቤታችሁ ንብረት የግል የቱ ነው? የጋራስ የቱ ነው?
2. የጋራ በሬ 40,000 ብር ቢገመትና ሚስት ብትወስደው፣ ለባል ስንት ብር ትከፍላለች?
3. የመሬት ደብተራችሁ ላይ የማን የማን ስም አለ?

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ውርስ እንነጋገራለን። ደኅና ሰንብቱ።