ሃምስተርን በነፃ ያስተዋወቀ ወጣት የወንድሙን አፕ ማስተዋወቅ ለምን ይከብደዋል?

ወገን፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ስልካችሁ ነው። እስቲ ሁለት ደቂቃ ስጡኝ።

የ2016 ክረምትን አስታውሱ። ሃምስተር ኮምባት የሚባለው ጨዋታ ቴሌግራም ላይ መጣና አገሩን ያዘው። ካፌ ውስጥ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ጣት ስክሪን ሲደበድብ ይውላል። «የዛሬው ኮምቦ ወጣ?» «የሞርስ ኮዱን ላክልኝ» ነበር ወሬው ሁሉ። ጓደኛ ስትጋብዙ ሳንቲም ይጨመርላችኋል፤ ስለዚህ ሊንኩ ከአክስት ልጅ እስከ ድሮ አስተማሪ ድረስ ተላከ። ድርጅቱም 300 ሚሊዮን ተጠቃሚ አለኝ እስከ ማለት ደረሰ። መስከረም 16 ቀን 2017፣ ልክ በደመራ ዕለት፣ ቶክኑ ሲከፋፈል ብዙው ሰው እጅ የገባው ግን ለወራት ከደከመው ድካም ጋር የማይገናኝ ሳንቲም ነው።

እኔ ልሳለቅባችሁ አይደለም ይህን ያነሳሁት። ያን ሰሞን የሠራችሁት ሥራ ስም ስላለው ነው፦ ማርኬቲንግ። ድርጅቶች ሰው ቀጥረው ደመወዝ የሚከፍሉበት ሥራ ነው። እናንተ በራሳችሁ ዳታ፣ በራሳችሁ ጊዜ፣ በነፃ ሠራችሁት፤ ያውም በደንብ። ስለዚህ «አፕ ማስተዋወቅ አላውቅም» የሚለኝን ሰው አላምነውም። ታውቁበታላችሁ። ጥያቄው ለማን ትሠሩታላችሁ ነው።

አሁን ወደ አቦምሳ ልውሰዳችሁ። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ፤ እንደኔ የተመረቀ ጎረቤቴ ደግሞ ቁጭ ብሎ አፕ ሠራ። አፑ ቀላል ነው፦ የሽንኩርትና የቲማቲም ዋጋ ዛሬ አዳማ ስንት፣ አዲስ አበባ ስንት እንደሆነ ያሳያል። የኛን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። መርቲ የሚለው ስም በድልህና በማርማላት ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ አገር ያወቀው ስም ነው። ገበሬው ግን ዛሬም ማሳው ዳር ቆሞ ደላላ የነገረውን ዋጋ ይቀበላል። ከተማ ስንት እንደሚሸጥ የሚያውቀው ምርቱ ተጭኖ ከሄደ በኋላ ነው።

ታዲያ አፑ የት አለ? ላፕቶፑ ውስጥ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉግል ፕሌይ ስቶር ላይ አፕ ለመጫን አካውንት መክፈቻ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ይከፈላል። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ለኛ ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ እሱን እንደምንም ተወጣው። ቀጥሎ ያለውን ግን ብቻውን ሊወጣው አይችልም። ከኅዳር 2016 ወዲህ በግል ስሙ አካውንት የከፈተ ሰው አፑን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት በሞካሪዎች ማስሞከር አለበት። ቁጥሩ መጀመሪያ 20 ሰው ነበር፤ በ2017 ወደ 12 ዝቅ ተደረገ። እነዚህ 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት ሳይወጡ መቆየት አለባቸው። ጎረቤቴ በሺህ የሚቆጠር አባል ባለው ግሩፕ ላይ ለጠፈ፣ ለመነ። የተመዘገበለት አራት ሰው ነው። በዚያው ግሩፕ የሆነ ኤርድሮፕ ሊንክ ቢለጠፍ ስንት ሰው እንደሚገባ እናንተው ታውቁታላችሁ።

መንግሥት ሐምሌ 2016 ላይ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጀምሯል። ጥሩ ነው፣ ተማሩ። ግን 5 ሚሊዮን ሰው ኮድ ጽፎ 12 ሰው የሚሞክርለት ካጣ ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ላይ ይቀራል።

«የኛ ሰው አፕ አይሠራም፣ ቢሠራም አያድግም» የምትሉ፣ ራይድን ተመልከቱ። መሥራቿ ሳምራዊት ፍቅሩ ያደገችው እዚሁ አርሲ፣ አሰላ ነው። ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ የነካችው በ17 ዓመቷ ነው። ራይድ ሲጀምር በኤስኤምኤስ ነበር። ስማርት ስልክ የሌለው፣ ዳታ ያለቀበት ሰው ደግሞ 8294 ደውሎ መኪና ይጠራል። ሰው አራቱን ቁጥር በቃሉ ያዘው፣ ለሌላው ነገረው፣ አፑም በዚያው ተከትሎ ገባ። ቴሌብርም ቢሆን ግንቦት 2013 ሲጀመር አፕ ብቻ ይዞ አልመጣም፤ *127# ነበረው፣ በየሰፈሩ ወኪል ነበረው። አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላው ከ20 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ነበረው። በ2015 ነዳጅ በዲጂታል ካልሆነ አይቀዳም ሲባል ደግሞ ያልነበረውም ገባ። የአቦምሳው ልጅ ግን ማደያም ወኪልም የለውም። ያለው እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ተራ በተራ ልበላችሁ።

1ኛ፦ የወገን ልጅ «ሞክሩልኝ» ሲል ግቡ። 14 ቀን አፑን ስልክ ላይ ማቆየት ነው፤ ከሃምስተር አይከብድም። የተበላሸውን እየጻፋችሁ ንገሩት።

2ኛ፦ አፑ ፕሌይ ስቶር ላይ ሲወጣ ሊንኩን ዝም ብላችሁ አትወርውሩት። «ይሄን አፕ ዳውንሎድ አድርጉ» የሚል ፖስት ማንም አያነበውም። አፑ ላይ ያያችሁትን ዋጋ ስክሪንሾት አድርጉና «ሽንኩርት ዛሬ አዳማ ይሄን ያህል ነው» ብላችሁ ለጥፉ፤ ሊንኩ ከሥር ይሁን። ሰው መጀመሪያ የሚጠቅመውን ነገር ይፈልጋል።

3ኛ፦ ቋንቋ። እዚህ ገበያ ላይ አማርኛም ኦሮምኛም ይነገራል። በአንዱ ብቻ የተሠራ ማስታወቂያ ግማሹን ገበሬ ውጭ ያስቀረዋል። በሁለቱም የምትችሉ ልጆች አንድ ደቂቃ የቲክቶክ ቪዲዮ በሁለቱም ሥሩ።

4ኛ፦ አፕ የምትሠሩ ልጆች፣ አንድ ገጽም ብትሆን ዌብሳይት ይኑራችሁ። አፑ ምን ይሠራል፣ ማን ሠራው፣ በምን ስልክ ትገኛላችሁ። ሰው ጉግል አድርጎ ምንም ካጣ ያጭበርብሩኛል ብሎ ይሸሻል፤ እውነቱን ነው። አፑንም ቀለል አድርጉት፤ 100 ሜጋባይት አውርድ ማለት እዚህ የአንድ ሰው የቀን ዳታ ነው። ፋይሉን በቴሌግራምና በዜንደር ከመበተን ደግሞ የፕሌይ ስቶሩን ሊንክ ስጡ። እጅ በእጅ በሚዞር ፋይል ውስጥ ሌላ ሰው ምን እንደጨመረበት አይታወቅም።

አሁን ደግሞ የማይጥማችሁን ልናገር። የወገን ነው ተብሎ አይዋሽም። አፑ የማይሠራ ከሆነ አምስት ኮከብ አትስጡት። አንደኛ፣ ጉግል የውሸትና የተገዛ አስተያየት ይከለክላል፣ ያጠፋዋልም። ሁለተኛ፣ ዛሬ በውሸት ያስጫናችሁት ገበሬ ነገ ደህናውንም አፕ አይነካም። ሦስት ኮከብ ሰጥታችሁ ችግሩን በግልጽ ብትጽፉ ልጁን የበለጠ ጠቀማችሁት።

«ብር አስገቡ፣ በየቀኑ ትርፍ ታገኛላችሁ፣ ሰው ስታመጡ ደግሞ ይጨመራል» የሚል አፕ ሲመጣ ደግሞ የሠራው የገዛ ወንድማችሁም ቢሆን እንዳትነኩት። ፒራሚድ ሽያጭ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። እዚያ ውስጥ የምታስገቡት ሰው እናታችሁ ዕቁብ የምትጥልላቸው ጎረቤቶች ናቸው፤ ነገ ዓይናቸውን ማየት አለባችሁ።

አገሬን እወዳለሁ ብሎ ፕሮፋይል ላይ ባንዲራ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ማንንም ግን ሥራ አያስይዝም። ጎረቤቴ ስምንት ሰው ይጎድለዋል። በናንተም ሰፈር፣ በአዳማም፣ በመተሐራም፣ በባቱም እንዲህ ላፕቶፑ ውስጥ አፕ ዘግቶ የተቀመጠ ልጅ አይጠፋም። ስሙን ታውቁታላችሁ። ዛሬ ማታ ደውሉለትና «ሊንኩን ላክልኝ» በሉት።

አፕ ሠርታችሁ ሞካሪ ያጣችሁ ደግሞ ኮሜንት ላይ ጻፉ፦ ምን እንደሚሠራ በአንድ መስመር፣ ስንት ሰው እንደሚጎድላችሁ በቁጥር። ያነበባችሁ ላይክ አድርጋችሁ አትለፉ፤ ግቡላቸው።