በዓይኔ በብረቱ

እውነት ከተመልካቹ ተለይታ አትቆምም

«በዓይኔ በብረቱ አየሁት» የሚል ምስክር ፍርድ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይታመናል። ዓይናችን ግን የሆነውን ሁሉ እንዳለ አያስቀምጥም። ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት ለ150 ተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። ስለ ፍጥነቱ ሲጠይቁ ለ50ዎቹ ብርቱ ግጭትን በሚያመለክት ቃል፣ ለሌሎቹ 50 ለዘብ ባለ ቃል ተጠቀሙ፤ የቀሩትን ስለ ፍጥነት አልጠየቋቸውም። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ በብርቱው ቃል ከተጠየቁት 16ቱ፣ ለዘብ ባለው ከተጠየቁት 7ቱ «አዎ» አሉ። በፊልሙ ላይ ስባሪ አልነበረም። እነዚህ ሰዎች አልዋሹም፤ የተናገሩት የሚያስታውሱትን ነው። «ተሳሳቱ እንጂ እውነቱ አልተለወጠም» የሚል ይኖራል። እንዲህ ለማለት የደፈርነው ፊልሙ በእጃችን ስላለ ነው። መንገድ ላይ የደረሰ አደጋ ተመልሶ አይታይም። የሚቀረን የሰው ትዝታ ነው፤ እሱንም ፍርሃት፣ ግምትና የጠያቂው አነጋገር ሠርተውታል። እውነት ብለን ሰው የምናስርበት ነገር ከዚህ ሌላ ምንጭ እንዳለው ማን ያሳየኝ?

እውነት ተመልካች አትጠብቅም

እኔ አሳያለሁ፤ ተከራካሪዬ ባመጣው ማስረጃም እጀምራለሁ። የ16ቱን ስህተት ያወቅነው ስባሪው በእርግጥ ስላልነበረ ነው። እውነት የተመልካቹ ሥራ ብትሆን ኖሮ ጥናቱ ራሱ የሚለካው ስህተት ባላገኘ ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ እቀበለዋለሁ። ያልታየው ግን አልነበረም ማለት አይደለም። ፊልም ያልተቀረጸለት አደጋም አስፋልት ላይ የጎማ ምልክት፣ የተጨማደደ ቆርቆሮ ይተዋል። ባሪ ሼክና ፒተር ኑፌልድ እ.ኤ.አ. በ1992 ኒውዮርክ ውስጥ ያቋቋሙት ኢኖሰንስ ፕሮጀክት በዲኤንኤ ምርመራ ነጻ ካወጣቸው እስረኞች ብዙዎቹ የታሰሩት የዓይን ምስክር «እሱ ነው» ብሎ በስህተት ስለጠቆማቸው ነው። ምስክሩ እርግጠኛ ነበር፤ ፈራጆቹም አምነውታል። ከሰዎቹ እምነት ውጭ የቆመ እውነት ከሌለ ያ እስረኛ በምን ላይ ቆሞ ይግባኝ ይላል? ተከራካሪዬ ለተበዳዩ ያዘነ ይመስለዋል፤ አቋሙ ግን የመጨረሻ መከላከያውን ይነጥቀዋል። የዓይን ደካማነት የሚጠይቀው ጥንቃቄን ነው፦ ምስክር ተጠርጣሪን ከሌሎች መካከል ሲለይ አጠገቡ የሚቆመው ፖሊስ ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ አይወቅ፤ የምስክሩ እርግጠኝነትም ማንም «ጎበዝ፣ አገኘኸው» ሳይለው በፊት፣ እዚያው በራሱ ቃል ይመዝገብ።