«ሰማዩ እየተቃጠለ ነው?» ለሚል ልጅ

በግንቦት 2016 ዓ.ም. ኃይለኛ የፀሐይ ማዕበል ምድርን ሲመታ አረንጓዴና ቀይ የሰማይ ብርሃን እስከ ሜክሲኮ ድረስ ታይቶ ነበር። ምስሉ ዛሬም ከስልክ ስልክ ይዞራል። አይቶት የሚደነቅ ልጅ አለ፤ «ሰማዩ እየተቃጠለ ነው? ወረታም ይመጣል?» ብሎ እንቅልፍ የሚያጣም አለ። «ዝም ብለህ ተኛ» ማለት ፍርሃቱን አያስለቅቀውም። መልሱ ደግሞ ለፎገራ ሰው ከባድ አይደለም።

እሳት የለም። ኤሌክትሪክ ያዘሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ከጠፈር መጥተው አየሩን ሲመቱት ያበራል፤ በረጅሙ የፍሎረሰንት መብራት ውስጥ ያለው ጋዝ እንደሚበራው ማለት ነው። አረንጓዴው ከኦክስጅን ነው። ታዲያ ቅንጣቶቹ እንዳሻቸው አይወርዱም። የሩዝ ማሳ ውሃ ቦዩን ተከትሎ እንደሚሄድ፣ እነሱም የምድርን የመግነጢስ መስመር ይከተላሉ። መስመሩ ወደ መሬት የሚዘልቀው በዋልታዎቹ አካባቢ ነው። በፎገራ ሜዳ ላይ ግን ጋደም ብሎ ከደቡብ ወደ ሰሜን ያልፋል። ቦዩ ወደ እኛ ማሳ አልተከፈተም በሉት።

ሰማያችን ባዶ ነው ማለት ግን አይደለም። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ፣ ዓይን የማያየው የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። አጠገባችን ባለው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዋሸራ ስም የተሰየመ ቤተ ሙከራ እንዲህ ያለውን የላይኛውን ሰማይ ያጠናል።

ልጁ ሲረጋጋ ጁፒተርን አሳዩት፤ እንደ ኮከብ የማይብለጨለጨው፣ ረግቶ የሚያበራው ነው። በዋልታዎቹ ላይ ያለው ብርሃን ከእኛ ምድር እጅግ ይበረታል፤ ሁልጊዜም አለ። የሚገርመው፣ ዋናው ምንጩ ፀሐይ አይደለችም። አዮ የምትባለው ጨረቃው በእሳተ ገሞራ የተሞላች ናት፤ በየሰከንዱ አንድ ቶን ገደማ ድኝ ያለበት ጋዝ ታጣለች። ጁፒተር ያን ግዙፍ አካሉን ይዞ 10 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አንዴ ይዞራል፤ መግነጢሱም የአዮን ቅንጣቶች እየጎተተ ያሽከረክራል። ከዚህ በሚነሣው ኃይል ቅንጣቶች ወደ ዋልታዎቹ ተምዘግዝገው ሃይድሮጅኑን ይመቱታል። እ.ኤ.አ. በ2016 እዚያ የደረሰችው ጁኖ መንኮራኩር በዋልታዎቹ ላይ እያለፈች ይህንን ለክታለች። አብዛኛው ብርሃን ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ስለሆነ፣ በፎቶው ላይ የምታዩት ሰማያዊ ቀለም ባለሙያዎች የሰጡት ነው። ልጆች ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ውሸት ነው?» ይላሉ። አይደለም፤ ብርሃኑ እውነት ነው፣ ቀለሙ ግን የተዋሰ ነው።

ለማየት ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ እስኪጠራ ጠብቁ፤ ከዚያም ጁፒተር የሚታይበትን ወር ምረጡ። አመሻሹ የወባ ትንኝ ሰዓት ነውና ልጁን ጋቢ ደርቡለት።