«ስንት መጽሐፍ አነበብክ?» የሚለው ጥያቄ ይቅርብን

ጳጉሜን በመጣ ቁጥር የማይቀር ነገር አለ። ሰዉ የመጻሕፍቱን ቁልል ፎቶ ያነሣና «በዚህ ዓመት ያነበብኳቸው 60 መጻሕፍት» ብሎ ይለጥፋል። ከሥሩ የጭብጨባ ምልክት ይደረደራል። አንዱ «እኔ 72» ይላል። ሌላው «ሥራ በዝቶብኝ 48 ብቻ» ብሎ ይቅርታ መሰል ነገር ይጽፋል። እኔ ጥግ ይዤ አያለሁ። በዓመቱ የጨረስኩት ሦስት ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 60 መጽሐፍ፣ አንዱ በአማካይ 250 ገጽ ቢሆን፣ 15,000 ገጽ ነው። በቀን 41 ገጽ ማለት ነው። እኔ አንዱን ገጽ የምጨርሰው በአራት ደቂቃ ገደማ ስለሆነ፣ እሑድና በዓል ሳይቀር በየቀኑ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ልቀመጥ ነው። ጊዜ ያለውና ዐይኑ የፈጠነ ሰው ይችለዋል፤ ይዋሻሉ አላልኩም። ግን ከሥራ ወጥቶ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት የሚቆም፣ ቤቱ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ የሚጠብቀው ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ ምን ይላል? «እኔማ አንባቢ አይደለሁም» ይላል። እኔ የተጣላሁት ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ብዙ ሰው መጽሐፍ የተወው መጽሐፍ ስለጠላ ሳይሆን ይህችን ዓረፍተ ነገር ስላመነ ነው።

እኔም አምኛት ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ የንባብ ክበብ ውስጥ ገባሁ። በየወሩ አንድ መጽሐፍ ይመረጣል፣ በወሩ መጨረሻ ይወራበታል። በሁለተኛው ወር ግማሹ ላይ እንደሆንኩ ስናገር «ገና ነህ እንዴ?» ተባልኩ። ተሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በሦስተኛው ወር ብልጥ ሆንኩ። መጽሐፉን ትቼ አንድ ቻናል ላይ የወጣውን «የመጽሐፉ ዋና ዋና 10 ነጥቦች» አንብቤ ሄድኩ። ተናገርኩ፣ ተመሰገንኩ። ከእኔ ቀጥሎ የተናገሩት ሦስት ሰዎች ያነሡት ያንኑ ነጥብ ነበር፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ማንም ማንንም አላጋለጠም። ሻይ ጠጥተን ተለያየን። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል አንድም መጽሐፍ አልገለጥኩም።

ቁጥር ሲከበር የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሰው አንብቦ መዘግየትን ትቶ ሳያነብ መቁጠርን ይመርጣል። የጭማቂ ቻናሎቹም የሚኖሩት በዚሁ እፍረት ነው። እስቲ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጭመቁት። የድሃ ልጅና የባላባት ልጅ ተዋደዱ፣ ሳይሆንላቸው ቀረ፣ ሞቱ። አለቀ። ጉዱ ካሳ የት ገባ? ያ ሁሉ የመንደር ወግ፣ ያ ሁሉ ክርክር የት ሄደ? በ1958 የታተመው ያ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ወደ ብዙ ሰው ቤት የገባው በኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ሰዉ አንድ ክፍል ይሰማል፣ ከዚያ ቀጣዩን ይጠብቃል። «በሁለት እጥፍ ፍጥነት አሰማኝ» ያለ አልነበረም። ታሪኩን ዛሬም እንደ ዘመዶቻቸው ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹ መጽሐፉን በእጃቸው ይዘውት አያውቁም። እነሱን በየትኛው ዝርዝር እንቆጥራቸው?

ሌላው ገበያ የፍጥነት ንባብ ሥልጠና ነው። ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ኤቭሊን ዉድ የምትባል አሜሪካዊት መምህርት ትምህርቱን በ1959 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቅርባው ነበር፤ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሳይቀሩ ወስደውታል። ኪዝ ሬይነርና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. በጉዳዩ ላይ የተሠራውን ጥናት ሰብስበው ሲመረምሩ የደረሱበት ግን ቀላል ነገር ነው፦ ፍጥነቱ ሲጨምር መረዳቱ ይቀንሳል። ገጹን ገረፍ ገረፍ ማድረግ ይቻላል፤ እሱ ግን መፈለግ ነው እንጂ ማንበብ አይደለም።

የሚያናድደኝ ደግሞ ከውጭ የመጣ መለኪያ እንዳለ እኛ ላይ መለጠፉ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ አዋቂ በአማካይ በደቂቃ 238 ቃል ገደማ ያነባል ይባላል። እሺ። «ስላልነገሩን» የምትለዋ አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ስድስት ቃል ትሆናለች። ማን ማንን በቃል ቁጥር ይለካል? በዚህ ላይ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «ይበላል» የሚል ቃል ሲገጥመኝ ሰውየው እየበላ ይሁን ነገርየው እየተበላ ይሁን የማውቀው ዙሪያውን አይቼ ነው። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም? «ዋና» ውሃ ውስጥ የሚዋኘው ነው ወይስ የነገሩ አውራ? አማርኛ አንባቢ ሁለት ቃል ወደ ኋላ ተመልሶ ቢያነብ ሥራውን እየሠራ ነው። እንግሊዝኛ ፒዲኤፍ የሚያነበው ወንድማችንም በሁለተኛ፣ አንዳንዴም በሦስተኛ ቋንቋው እያነበበ መሆኑን ረስቶ «ጭንቅላቴ ደነዘዘ» ይላል። አልደነዘዘም፤ ዳገት እየወጣ ነው።

የቀድሞዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። የቆሎ ተማሪ ከፊደልና ከአቡጊዳ ተነሥቶ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌሉን፣ ዳዊቱን ሲሄድበት ያንኑ ገጽ በቁጥር፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ ይመላለስበታል። የኔታ ፊት የቸኮለ ልጅ የሚጠብቀው አለንጋ እንጂ ጭብጨባ አልነበረም። (አለንጋውን አልናፍቅም።) ቁርኣን የሚቀራ ልጅም ተጅዊድ ሲማር እያንዳንዷን ፊደል ከመውጫዋ እንዲያወጣ እንጂ እንዲሮጥ አይፈቀድለትም። የቋንቋውን ነገር ተመልከቱ፦ ዳዊት «ይደገማል» እንጂ «ተጨረሰ» አይባልም። ዕድሜ ልካቸውን ዳዊት ሲደግሙ የኖሩ አዛውንት በጳጉሜን ዝርዝር ቢገቡ ውጤታቸው 1 ነው።

አሁን እውነቱን ልናገር። ዝግታ ሁሉ ጥልቀት አይደለም። አንዱን ገጽ አራት ጊዜ ያነበብኩባቸው ማታዎች አሉ፤ እያሰላሰልኩ አልነበረም፣ የቤት ኪራይ እያሰብኩ ነበር። ስልኬም አጠገቤ ነበር። ይህችን ጽሑፍ እዚህ እስክትደርሱ ድረስ ከላይ ስንት መልእክት ወረደባችሁ? ስንቱን ነካችሁ? መዘግየትና መበታተን ለየቅል ናቸው፤ እኛ ግን መበታተኑ ያመጣብንን ችግር በዝግታችን እያሳበብን ፍጥነት ልንገዛ እንሄዳለን። እኔን የጠቀመኝ ስልኩን ሌላ ክፍል ማስቀመጥና ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ማንበብ ነው፤ ሁለተኛውን ሕፃን ሳለሁ ይከለክሉኝ ነበር። በቀን አምስት ገጽ። «ቀስ በቀስ እንቁላል…» ብዬ ልሸነግላችሁ አይደለም፤ በቀን አምስት ገጽ በዓመት 1,825 ገጽ ነው፣ የሐዲስ ዓለማየሁን ትልቅ መጽሐፍ በአራት ወር ውስጥ ይጨርሳል። እኔ አምስቱንም የማላገኝበት ቀን ብዙ ስለሆነ ሦስት መጽሐፍ ላይ ቀረሁ።

ነገሩ የእኔ ቅሬታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ግን አነባበባችን ወደ አደባባይ ወጥቷል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሲፈረም፣ ሰዉ ጽሑፉን ሳያይ ከተቆራረጡ ስክሪንሾቶች ተነሥቶ ደጋፊና ተቃዋሚ ሆኖ ተሰልፎ ነበር፤ የጥቂት ገጽ ሰነድ ነው። ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጽ ነው። በቀን ሦስት አንቀጽ ብቻ ቢነበብ በ36 ቀን ያልቃል። አንቀጽ 39ን የማይጠቅስ ተከራካሪ የለም፣ ሲደግፍም ሲረግምም። ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ 40ን ግን ማን አነበበ? የንብረትና የመሬት አንቀጽ ነው። ንዑስ አንቀጽ 8 ላይ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ መክፈል እንዳለበት ተጽፏል፤ እዚያ ውስጥ «በቅድሚያ» የምትል አንዲት ቃል አለች። በቅድሚያ። ቤቱ ለሚፈርስበት ሰው በዚያች ቃልና ያለ እሷ መካከል ያለው ልዩነት ክረምቱን የት ያሳልፋል የሚለው ነው። «የሕገ መንግሥቱ 10 ዋና ነጥቦች» ላይ ያቺ ቃል አትገኝም። ገረፍ ገረፍ የሚያደርግ ዐይንም ያልፋታል። የሚያገኛት ጣቱን መስመሩ ሥር አድርጎ፣ እየተንተባተበም ቢሆን፣ እስከ ነጥቡ የሚሄድ ሰው ነው።

ስለዚህ ባለ 60ዎቹ ወዳጆቼ፣ አንብቡ፤ ደስ ይበላችሁ። ሲሆን ሲሆን ግን ከቁጥሩ ይልቅ ከ60ዎቹ አንዷን ይዛችሁ ኑና ምን አለች፣ የቱ ላይ አልተስማማችሁም፣ የቱ ላይ አቆማችሁ፣ እሱን አውሩን። «ትውልዱ አያነብም» የምትሉ ደግሞ ወጣቱን «ስንት?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «ምን እያነበብክ ነው?» በሉት። ግማሽ ላይ ያለም ይህን መመለስ ይችላል።

የእኔም ዝርዝር ይኸው። የጨረስኩት፦ 3። የተውኩት፦ 2፤ አንዱን 40ኛው ገጽ ላይ፣ ሌላውን ሊያልቅ 30 ገጽ ሲቀረው፣ ያለ ጸጸት። እጄ ላይ ያለ፦ 1፤ ከጥር ጀምሮ። ትናንት ማታ 187ኛው ገጽ ላይ ነበርኩ። ዛሬ ወደ 180 ልመለስ ነው፣ ያልገባኝ ነገር አለ።